ቀጭኔ የተባሉት አይጦች

ሰኞ፣ የካቲት 2

«ልጄ፣ አይጦቹን ቀላቅለሻቸዋል።»

ጋሼ በሰኞው ስብሰባ ላይ ይህን ሲሉ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ነገሩ የተበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ግድግዳው ላይ የበራው ምስል የእኔ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ጥፋት ሆነ። ምስሉ ግን ያው ነው። አንድም ነጥብ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ፕሮፌሰር መባል ስለማይወዱ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዛሬ ግን የተናገሩኝ እንደ ፕሮፌሰር ነው።

ንዴቴ እስኪበርድ ሥራውን ከመጀመሪያው ልጻፈው። የሳትኩት ነገር ካለ ምናልባት ስጽፍ ይታየኝ ይሆናል።

የቀጭኔ ልብ ደሙን እስከዚያ አናት ድረስ ለመግፋት ከእኛ እጥፍ በሚያህል ግፊት ይሠራል። ሰው በዚያ ግፊት ቢከርም ልቡም ኩላሊቱም ያልቅለታል። እሷ ምንም አትሆንም። አጎንብሳ ውኃ ትጠጣለች፣ ቀና ትላለች፣ ራሷን እንኳ አያዞራትም። በሌሎች እንስሳት ዘንድ ብዙም የማይለዋወጥ፣ በቀጭኔ ላይ ግን ለየት ብሎ የተገኘ አንድ ዘረ መል አለ፤ አጥንትንም የደም ሥርንም የሚነካ። እኛ ያንን የቀጭኔ ዓይነት በአይጥ ውስጥ አስገባን። አንገታቸው አልረዘመም። (ይህን ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም።) ከአንዲት እናት ከሚወለዱት ገሚሶቹ የቀጭኔውን ይዘው ይወጣሉ፣ ገሚሶቹ ተራ ናቸው። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ጆሯቸውን እበሳለሁ። ቀኝ ጆሮው የተበሳው አንደኛ ነው፤ ግራው ሁለተኛ፤ ሁለቱም የተበሱበት ሦስተኛ፤ ምንም ያልተበሳው አራተኛ። ከጅራታቸው ጫፍ ቅንጣት ተቆርጣ ትመረመርና በየሳጥኑ የትኛው ቀጭኔ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚያ ግፊት የሚያንር መድኃኒት ሰጠኋቸው። የተራዎቹ ግፊት ጣራ ነካ። ቀጭኔዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ዘልያለሁ።

ጋሼ «ከመታተሙ በፊት ሌላ ዓይን ይየው» አሉ። ደግ። የጠረጴዛ ተጋሪዬ ሳቂታው ከየሳጥኑ አይጥ እያወጣ፣ ቁጥሩን ከጆሮው እያነበበ፣ ጅራት ቆርጦ ሰጠ፤ የምርመራ ክፍሏ እትዬ ጓንት ቁጥሩን ቱቦው ላይ ጽፋ መረመረች። ውጤቱ ዛሬ ቀረበ። ወደ ሩብ የሚጠጉት እኔ ካልኩት ጋር አይገጥሙም። ቀጭኔ ያልኩት ተራ፣ ተራ ያልኩት ቀጭኔ።

«ሳጥኖቹ ለጊዜው እሱ ጋ ይሁኑ» አሉ ጋሼ፣ ሳቂታውን በአገጫቸው እያሳዩ።

«ጋሼ፣ አልቀላቀልኩም።»

«ሆን ብለሽ ነው ያለሽ የለም፣ ልጄ።»

ከዚያ ስብሰባው ስለ ማቀዝቀዣው ጥገና ማውራት ቀጠለ።

አልቀላቀልኩም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የእንስሳት ክፍሉ በር ካርዴን አልቀበልም አለ። ቀይ መብራት። እንደገና ሞከርኩ፣ ቀይ። ከኋላዬ ሰዎች ቆመዋል። «ካርዱ ተቀላቅሎበት ይሆናል» አለ አንዱ። ሳቁ።

አይጥ በራሱ እግር ሳጥን አይቀይርም። የነካብኝ ሰው አለ።


አርብ፣ የካቲት 6

ሳቂታው ሻይ ይዞልኝ መጣ። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አብረን የገባን ሰሞን የቤተ ሙከራው ትልቁ ማሽን ተሰብሮ ሁላችንም ልናለቅስ ስንደርስ እሱ ብቻ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ተካፍለን ኖረናል።

«እህቴ፣ ለጊዜው አንገትሽን ደፋ አድርጊ» አለኝ።

«ቀጭኔ መሰልኩህ? እኔ ስደፋ ያዞረኛል።»

ሳቀ። «እኔ አለሁልሽ። ሳጥኖቹ እኔ ጋ ናቸው ማለት አንቺ ጋ ናቸው ማለት ነው።»

በእሱ ካርድ በሩን ከፍቶልኝ ገባን። የግፊት አለካኩን አሳየሁት። አይጡን ቱቦው ውስጥ ከማስገባት በፊት ማለማመድ፣ ከሥሩ ያለችውን ሳህን ማሞቅ፣ ጅራቱ ላይ ቀለበቷን ማጥለቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። የቸኮለ ሰው የሚለካው የአይጡን ግፊት ሳይሆን የራሱን ጥድፊያ ነው። እሱ ሁሉንም በጥሞና ይጠይቃል። እያንዳንዱን አይጥ ከሳጥኑ ሲያወጣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ዓይን ለዓይን እያየው፣ «እንደምን አደሩ፣ ጌታው» ይለዋል። አንዷን «እመቤቲቱ» አላት። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም።

(ስለ እሱ ብዙ ጻፍኩ። ስለ ሥራው ነው።)

ታዲያ ማነው? ናሙናው ከእሱ እጅ በቀጥታ ወደ እትዬ ጓንት ሄደ። ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። እትዬ ጓንት የምንላት ጓንት ስለማታወልቅ ነው፤ ስልክ እንኳ በጓንት ነው የምታነሳው። ለማንም ሰላምታ አታበዛም። በጓንት ውስጥ ያለ እጅ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል።


እሁድ፣ የካቲት 8

እማዬ የሰው መጋረጃ እየሰፋች ነው። የስፌት መኪናው ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳውን ይበላል።

«መድኃኒትሽን ወስደሻል?» አልኳት።

«ወስጃለሁ።»

«መቼ?»

«አንቺ ልጅ፣ የምትሠሪው አይጥ ቤት ነው ፖሊስ ቤት?»

በግድ እጅጌዋን ሰብስቤ ለካኋት። ወጥቷል። ስንት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ባለፈው ሐኪሙ «ኩላሊትዎን ሳይጀምረው አልቀረም» ብሏታል። ወደዚህ ሥራ ምን አስገባሽ ሲሉኝ የሳይንስ ፍቅር ነው እላለሁ። ይሁን።

«ያቺ ቀጭኔ ግን ምን ውጣ ነው እንዲህ የምትኖረው?» አለች፣ እስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

«ምንም አትውጥም፣ እማዬ። አብሯት የተወለደ ነው። ግፊቱ አለባት፣ ጉዳቱ የለባትም።»

«የታደለች። እንዳንቺ ያለች ልጅም የለቻት።»

ስለ ስብሰባው አልነገርኳትም።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«እንቅልፍ ነው።»

«እንቅልፍ እንዲህ አያጠቁርም። ያ የሚስቀው ልጅ ደህና ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች። ትከሻዋ ይስቅ ነበር።


አርብ፣ የካቲት 13

የምርመራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ጋሼና እትዬ ጓንት አሉ። ጆሮ መጣል ነውር ነው። ጣልኩ።

እሷ፦ «እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም። ራስዎ ይንገሯት።»

እሳቸው፦ «ጊዜው ሲደርስ።»

እሷ፦ «ጊዜው አልፏል፣ ጋሼ።»

እሳቸው፦ «አንቺ ደግሞ ነገር አታጋግዪ።»

የምነገረው ምንድነው? መባረሬ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል! እሷ ደግሞ እስካሁን አለመባረሬ ነው የቆጫት። ምን አድርጌያት ነው? አንድ ጊዜ ናሙና አዘገየሽብኝ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያታለሁ። ለዚያ ይሆን? ሰው ለዚያ ብሎ የሰው ሥራ ያጠፋል?

ለሳቂታው ነገርኩት። የያዘውን ብዕር እያገላበጠ ቆየና፣ «ሌላ ምን ሲሉ ሰማሽ?» አለኝ።

«ይኸው ነው።»

«የእኔን ስም አነሱ?»

«ያንተን ለምን ያነሳሉ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

በእኔ የተነሳ እሱም መጠርጠር ጀመረ ማለት ነው። አሳዘነኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬ አልቻልኩም። ገብቼ ጠረጴዛዋ ፊት ቆምኩ።

«ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በኋላስ ማን ነካቸው?»

«እኔ።»

«ስለዚህ የተሳሳተው ማን ሊሆን ይችላል ይላሉ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አይጡን ስታነቢ» አለች፣ «ጆሮውን ከየት ሆነሽ ነው የምታዪው?»

ሰደበችኝ። ገና ትናንት የገባ ተማሪ የሚጠየቀውን ጥያቄ!

«ከጀርባው ነዋ። ቀኙ በቀኜ በኩል እንዲሆን። ሌላ ከየት ላየው ኖሯል?»

«እኔም እንደዚያ መስሎኛል» አለችና፣ በሩን ተመልክታ፣ ሌላ ልትናገር ያለች መስላ ተወችው። ጓንቷን አወለቀች። እጇን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጣቶቿ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። አላዘንኩላትም።

ወጥቼ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ሰው ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ ስለ ኳስ ነው የሚያወሩት። ቢሆንም።


እሁድ፣ የካቲት 22

ሳቂታው ቤት መጣ። እማዬ ጥሩውን ብርጭቆ አወጣች። እኔ ያ ብርጭቆ እንዳለንም ረስቼ ነበር።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሥራ ላይ ሰው ታስፈራራለች» አላት።

«እዚህስ ማንን ትምራለች ብለህ ነው! መድኃኒት ስውጥ አፌን ክፈቺ ትለኛለች።»

ሁለቱ ተባብረው ሳቁብኝ። ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ሞቅ አለ። ሲሄድ በር ላይ ቆመን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የለካኋቸውን የግፊት ንባቦች በሙሉ እንድሰጠው ጠየቀኝ። «ከአዲሱ ጋር ላስተያየው። አንቺን ነጻ የሚያወጣሽ እሱ ነው።» እዚያው ላክሁለት።

«ይሄ ልጅ ዓይኑ ረፍት የለውም» አለች እማዬ ብርጭቆውን ስታጥብ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ስትወጂው የዋልሽው?»

«ወደድኩት እንጂ አመንኩት አልኩሽ?»

ሰው መጠርጠር የሚጋባ በሽታ መሆን አለበት። ከእኔ ወደ እሷ ተላልፏል።


ሰኞ፣ የካቲት 30

ወደ አጥንት ክፍል ተዛወርኩ። ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ጋሼ «እስክትረጋጊ» አሉ። የተረጋጋሁ አልመሰልኳቸውም። ሙከራው ያለቀባቸው አይጦች ከነጆሯቸው ይመጡልኛል፤ ራጅ እያነሳሁ አጥንታቸው ምን ያህል ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ እለካለሁ። ቅጣት ነው። ቅጣት መሆኑን ያውቃሉ፣ ማወቄንም ያውቃሉ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

የቀጭኔ አንገት ሰባት አጥንት ነው። የአይጥም ሰባት። የእኔም ሰባት። እሷ አንድም አልጨመረችም፤ ያሉትን ነው የዘረጋቻቸው። ያ እግር በዚያ ፍጥነት እያደገ አጥንቱ እንዴት ሳይሳሳ እንደሚጠነክር የሚገርም ነው፤ ያው ዘረ መል እዚያም ላይ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም። እነዚህ አይጦች ቀጭኔ ከሆኑ አጥንታቸው ከወንድሞቻቸው ይልቅ መጠቅጠቅ አለበት።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ። መልሼ አነሳሁት።

አጥንት የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ረጅም እጽፋለሁ። እንቅልፍ የለም።

የመጡልኝን በሙሉ አንስቻለሁ። መጀመሪያ እኔ ባልኩት መሠረት ደረደርኳቸው፦ ቀጭኔ ያልኳቸው በአንድ ወገን፣ ተራ ያልኳቸው በሌላ። አጥንታቸው በሚገባ ተለየ። እንደ ነጭና ጥቁር ጤፍ አልልም፣ ሳይንስ እንደዚያ አይደለም፤ ግን ማንም ዓይን ያለው ያየዋል። ቀጥሎ የማጣሪያው ምርመራ ባለው መሠረት ደረደርኳቸው። ዝብርቅርቅ አለ።

አልቀላቀልኩም! ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ጮህኩ። ጮኼ ስጨርስ ግን ደስታው አልመጣም። እኔ ካልቀላቀልኩ የቀላቀለው ማነው የሚለው ጥያቄ ቀድሞት መጣ።

እትዬ ጓንት ናት ብዬ ነው የጀመርኩት። ቱቦ ብትለዋውጥ ስህተቱ የትም ይወድቅ ነበር። የትም አልወደቀም። ሁለቱም ጆሯቸው የተበሱት በሙሉ ይገጥማሉ። ምንም ያልተበሱትም ይገጥማሉ። ያልገጠሙት በሙሉ አንድ ጆሯቸው ብቻ የተበሳ ነው። አንደኛው ሁለተኛ ተብሏል፣ ሁለተኛው አንደኛ። ቀኙ ግራ ሆኗል፣ ግራው ቀኝ።

መስተዋት ፊት ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ የሞተ አይጥ አነሳሁ። ከጀርባው ያዝኩት፤ የተበሳው ጆሮ በቀኜ በኩል ነው። አዞርኩትና ፊት ለፊት አየሁት። በግራዬ በኩል ሆነ።

እሷ ያንን የጠየቀችኝ ስድብ አልነበረም።

አይጦቹን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ዓይን ለዓይን፣ እንደምን አደሩ የሚል ሰው አውቃለሁ።

ግን ስህተት ነው። ማንም የሚሳሳተው ስህተት። ሳያውቀው ነው። ነገ ስነግረው ግንባሩን ይመታና ይስቃል፤ አብሮኝ ወደ ጋሼ ሄዶ «እኔ ነኝ» ይላል። እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እንደዚያ ካላደረገ


አርብ፣ መጋቢት 11

ነገርኩት። አልሳቀም።

«ለጋሼ ገና አትንገሪ» አለኝ። «እኔ ራሴ ልንገራቸው። ከእኔ ሲሰሙት ይሻላል።»

ትክክል ነው። ከእሱ ሲሰሙት ይሻላል። በጣም ደንግጧል፤ ደንግጦ ነው አንዲት ጥያቄ እንኳ ያልጠየቀኝ። የትኞቹ አይጦች? አላለም። እርግጠኛ ነሽ? አላለም። አጥንቱን አሳዪኝ አላለም። ሰው አዲስ ነገር ሲሰማ ይጠይቃል። ግን ደንግጧል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ምንም የለም። ስደውል አያነሳም። ኮሪደሩ ላይ «ሥራ በዛብኝ፣ እህቴ» አለኝ፤ እየሄደ። ሰኞ ነግሬያቸዋለሁ ወይስ ሰኞ እነግራቸዋለሁ ነው ያለው? እንደገና ስጠይቀው ሄዷል።

እትዬ ጓንት በደረጃው ስታልፈኝ ቆመች። «ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ክፍት ነው» አለችኝና ወረደች። እኔ አዳራሹን ምን ላደርገው?

ገባኝ። አልገባኝም። ቅዳሜ እሄዳለሁ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

ሄድኩ።

መብራቱ ጠፍቷል፣ ግድግዳው ላይ የእኔ ሁለት መስመሮች በርተዋል። ተራዎቹ ሽቅብ፣ ቀጭኔዎቹ ጠፍጣፋ። ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ከሥር የሳቂታው ስም። እሱ ቆሞ ይናገራል፣ ጋሼ ብቻቸውን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «እዚህ ጋ ቀስ በል» ይሉታል። ሥራው ለሚቀርብበት ትልቅ የሳይንስ ጉባኤ ልምምድ ነው።

ቀጣዩ ሥዕል አንድ አይጥ ነው፤ ቀኝ ጆሮው ተበስቷል። «ቀጭኔ» ይላል ከላዩ። አውቀዋለሁ፤ የበሳሁት እኔ ነኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ «እሷ ቀጭኔ ያለችው ይኸው ተራ ሆኖ ተገኘ» ተብሎ የቀረበው ራሱ ነው። ስለዚህ የእኔ ንባብ ትክክል መሆኑን ያውቃሉ። አውቀው ነው የሠሩበት። ደንግጦ አይደለም።

መብራቱን አበራሁት።

ሳቂታው ዓይኑን ከለለ። ጋሼ ግን ምንም አልተገረሙም፤ ከምንም በላይ ያንን አልረሳውም።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«ትንሽ ስህተት ነው። የጆሮ ንባብ። ደረሰ፣ አለፈ።»

«መቼ ነው ያወቃችሁት፣ ጋሼ?»

«እይ፣ ሥራው እንደገና ተለክቷል፣ የለካው እሱ ነው። ያንቺም ስም ይገባል፤ ሁለተኛ። አሁን ተመልሼ ተሳስተን ነበር ብል ቤተ ሙከራውን ማን ያምነዋል? ጉባኤው እስኪያልፍ ታገሺ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ብዙ ጊዜ አለሽ።»

«እሱስ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩ። እኩያዬ ነው።

«እህቴ …» አለ ሳቂታው።

«እህትህ ቤትህ ናት።»


እሁድ፣ መጋቢት 20

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። መኪናዋን አቆመች።

«ልጁም?» አለች።

«ልጁም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን አይቀርም። ሻይ ሲያመጣልኝ ሁሉ።»

ወደ ወጥ ቤት ሄድን። ሽንኩርት ከተፍን። ብዙ ሽንኩርት ከተፍን፤ እንባዬ የወረደው በሽንኩርቱ ነው። እማዬም ሽንኩርቱ እንደሆነ ተስማማች።

«ነገ ምን ልታደርጊ ነው?» አለችኝ።

«እናገራለሁ።»

«ቢያባርሩሽስ? ያ ሁሉ የደከምሽበት?»

«አንቺ የሰፋሽውን መጋረጃ ሌላ ሰው ሰፋሁት ቢል፣ አንቺን ደግሞ አበላሸች ቢልሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከነመጋረጃ ዘንጉ ነው የምነቅለው» አለች። ከዚያ ጡባዊዋን አውጥታ፣ ሳልጠይቃት፣ እያየኋት ዋጠች።

ስለ እትዬ ጓንት እስካሁን «እሷ» እያልኩ መጻፌ አሳፈረኝ። የእናቴ እኩያ ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ስጥል የሰማሁት ለእኔ ሲሟገቱ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሳምንት የጠረጠርኩት እውነት የሚናገሩትን ሴት፣ ያመንኩት ሌባውን። ስለማይስቁ ጠረጠርኳቸው። ስለሚስቅ አመንኩት።


ሰኞ፣ መጋቢት 21

አጀንዳው ላይ አልነበርኩም። ተነሳሁ።

የአጥንቱን ምስል ግድግዳው ላይ አበራሁና በሁለቱም አደራደር አሳየኋቸው። ከዚያ ሳቂታውን «እባክህ ፊት ለፊታችን ቁምና ቀኝ እጅህን አንሳ» አልኩት። ሰው ሁሉ ስለሚያየው ቆመ፤ አነሳ።

«ለእናንተ በየት በኩል ነው ያለው?»

«በግራ» አለ ያ በካርዴ የቀለደብኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ፣ ነገሩ ስለገባው።

«አይጦቹ የተነበቡት እንዲህ ነው። የተቀላቀለ አይጥ የለም። የእኔ ንባብ ትክክል ነው፤ ይህም ከታወቀ ቆይቷል።»

«ይህ በግል የምንነጋገርበት ጉዳይ ነው» አሉ ጋሼ።

«ጥፋተኛ ያሉኝ በግል አልነበረም፣ ጋሼ።»

ወንበር ተንቀጫቀጨ። እትዬ ጓንት ከኋላ ተነሱ። «የጆሮው ንባብ ተገልብጦ እንደደረሰኝ በዚያው ሳምንት ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። ቀደም ብዬ በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ» አሉ። ተቀመጡ።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ስብሰባውን በተኑ። ሳቂታው እጁን መቼ እንዳወረደ አላየሁም፤ አላየሁትም።

ማምሻውን ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸው ለስልሷል። ሳጥኖቼ ይመለሱልኛል፤ ካርዴ ነገውኑ ይከፈታል፤ ስሜ መጀመሪያ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ የጆሮ አነባበብ መመሪያውን ለሌሎች በግልጽ አለማስረዳቴም ለስህተቱ ምክንያት ሆኗል እንድል። «ግማሽ ግማሽ እንካፈለው። ለሰላም ሲባል፣ ልጄ።»

እማዬ ከበሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ መስኮቱን አያለሁ። አይጦቹን ፈለግኋቸው፤ አሁንም እፈልጋቸዋለሁ። ያ ዘረ መል አንድ ቀን እንደ እማዬ ላሉ ሰዎች ኩላሊት የሚሆን ነገር ሊነግረን ይችል ይሆናል፤ እኔ ደግሞ በር ላይ ቀይ መብራት እያየሁ ልቀር እችላለሁ። ይህን ሁሉ አስቤ ነው የመለስኩላቸው።

የመለስኩላቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ። ግማሽ ጥፋት የለብኝም፣ ስለዚህ ግማሽ ይቅርታ አልጠይቅም። የገዛ ሥራዬን በውሸት አልገዛም፣ በርካሽም ቢሆን። ልጄ ተብዬ ዝም አልልም። ታገሺ የሚለኝ ሰው እሱ ራሱ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሳይነግረኝ አልታገስም። እኔን ጥፋተኛ ያለው ቃል በሰው ፊት ወጥቷል፤ በሰው ፊት፣ በተናገረው ሰው አፍ፣ ይመለስ። ከዚያ ያነሰ ምንም ነገር አልቀበልም።